የዝናብ ደብተር
(ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራና ስለ ትንንሽ ዓላማዎች የቀረበ አጭር ጥናት)



«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ሥራ መፍታት ሰውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከእርሱ የበለጠ አድርጎ የገለጠ ቃል አላገኘሁም። የሚሠራው ያጣ ሰው የተሠራውን እስከ ማፍረስ ይደርሳል። እኛ ተማሪዎች ግን «ሥራ ፈቶች አይደለንም» እንል ይሆናል፤ ትምህርት አለን፥ የቤት ሥራ አለን፥ ፈተናም አለን። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ከትምህርት ቤት ተመልሰን፥ የቤት ሥራችንን ጨርሰን፥ እስክንተኛ ድረስ ያለችው ሰዓት የት እንደምትገባ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። አንዳንዱ ከደጃፍ ቆሞ፥ አንዳንዱም የስልኩን መስታወት በጣቱ ሲገፋ ይመሽበታል። ስንተኛም ቀኑ ማለፉን እናውቃለን እንጂ ምን ትቶልን እንዳለፈ አናውቅም።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር ያሰብኩት ስለዚህች ሰዓት ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ የመረጣት አንዲት ትንሽ ሥራ፥ ማርክም ደመወዝም ባይገኝባት፥ ልብን ልታረካ ትችላለች። የምታረካው ግን በየቀኑ ስትሠራና በእውነት ስትሠራ ብቻ ነው። ይህንንም በገዛ እጄ በሞከርኩት ሥራ፥ ማለት ዝናብ በመለካት፥ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሀ) የትርፍ ጊዜ ሥራ ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዞች «ሆቢ» የሚሉትን እኛ አንዳንድ ጊዜ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ»፥ አንዳንድ ጊዜም «የትርፍ ጊዜ ሥራ» እንለዋለን። ሁለቱ ስሞች አንድ ይመስላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ልዩነት አላቸው። ማሳለፊያ የሚባለው ጊዜው እንዲያልፍልን ብቻ የምናደርገው ነገር ነው። ሥራ የሚባለው ግን ጊዜው ሲያልፍ አንድ ነገር በእጃችን ትቶ የሚሄድ ነው። ኳስ ጨዋታ ማየት ማሳለፊያ ነው፤ ኳስ በግራ እግር መምታት እስኪለመድ ድረስ በየማታው ሠላሳ ጊዜ መሞከር ግን ሥራ ነው። ማሳለፊያ ኃጢአት አይደለም፤ የደከመ ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ብቻውን አያጠግብም።

እንዲሁም የትርፍ ጊዜ ሥራ ከግዴታ ይለያል። በግዴታ ሥራ ላይ የሚለካን ሌላ ሰው ነው። መምህሩ ያርማል፥ ካርድ ይሰጣል፥ ደረጃ ያወጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ ያለዚህ ትምህርት ቤት አይቆምም። ግን ሰው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ሚዛን ላይ ብቻ ከቆመ ሚዛኑ ዝቅ ባለ ቀን እርሱ ራሱ ዝቅ ያለ ይመስለዋል። ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

ለ) ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍሌ 3ኛ ወጥቼ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት በመጀመሪያው መንፈቅ ግን ከ54 ተማሪዎች 41ኛ ወጣሁ። ካርዱን ለአባቴ ስሰጠው አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ አየውና መለሰልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ስከፍት በገጹ ላይ የሚታየኝ ያ 41 የሚል ቁጥር ሆነ። «ለካ ምንም አልችልም» የሚል ሐሳብ ከእኔ ጋር ተኝቶ ከእኔ ጋር ይነሣ ጀመር።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ አጎቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ሊጠይቁን መጡ። አጎቴ ገበሬ ናቸው። ማታ በራት ላይ ወደ እኔ ዞር አሉና፥

«ልጄ፥ እዚህ አዲስ አበባ የዘንድሮው በልግ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ፤ ይዘንባል» አልኳቸው።

«መቼ ጀመረ?»

«እንጃ።»

«እስከ ዛሬስ ስንት ቀን ዘነበ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

አጎቴ ሳቁ። «እኔ ፊደል ሳልቆጥር በማሳዬ ላይ የዘነበበትን ቀን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ከደጅህ የወረደውን አታውቅም?» አሉኝ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም።

ከበዓሉ በኋላ የጂኦግራፊ መምህራችንን «ዝናብ እንዴት ይለካል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጣሳና ማስመሪያ ካለህ ከነገ ጀምሮ መለካት ትችላለህ» አሉኝና በጥቁር ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሥዕል ሥለው አሳዩኝ። በዚያው ማታ እናቴን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ለመንኳት። በሦስተኛው ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ወጥቼ ማስመሪያውን በጣሳው ውስጥ አቆምኩት፤ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። በደብተሬም ጻፍኩት።

ስድስት ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዚያ ጠዋት በሰፈራችን በዚያች ሌሊት ምን ያህል እንደ ዘነበ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ለብዙ ወራት አንድም ነገር አላውቅም ብዬ ላመንኩት ልጅ ይህ ትንሽ አልነበረም።

ሐ) ዝናብ እንዴት ይለካል?

«ትናንት 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ብዙ ሰው ትርጉሙን አያስተውለውም። የወረደው ውሃ ሳይፈስ፥ መሬትም ሳይጠጣው፥ ፀሐይም ሳታደርቀው በወረደበት ቢቆም ኖሮ ጥልቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ይሆን ነበር ማለት ነው። ይህን ዘዴ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በኮሪያ አገር በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1441 አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው የዝናብ መለኪያ ዕቃ ተሠርቶ ለየአውራጃው እንዲታደል ተደርጎ ነበር። የንጉሡ መንግሥት ይህን ያደረገው የእርሻውን ነገር ለማወቅ ነው፤ አጎቴ በራት ላይ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር።

ለመለካት የሚያስፈልገው ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ፥ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ነው። የጣሳው አፍና ቂጥ ስፋታቸው እኩል መሆን አለበት። አፉ ሰፊ፥ ቂጡ ጠባብ ከሆነ ውሃው ወደ ላይ ይቆለልና ማስመሪያው ከእውነቱ የበለጠ ያሳያል።

ጣሳው የሚቀመጥበት ስፍራ ገላጣ ይሁን። ከቤትም ሆነ ከዛፍ ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ፤ አለዚያ ነፋስ ሲነፍስ ዛፉ ዝናቡን ይከለክለዋል፥ ወይም የቅጠሉን ውሃ ይጨምርበታል። ከመሬት የሚፈናጠቀው ውሃ እንዳይገባበት ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ነፋስም እንዳይጥለው በድንጋይ ይደገፍ። ውሃው እንዳይተን ጥቂት ጠብታ ዘይት ቢደረግበት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና ይከድነዋል።

የመለኪያው ሰዓት በየቀኑ አንድ መሆን አለበት። የአየር ጠባይ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ይለካሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ስለምሆን ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ለመለካት ወሰንኩ።

ካፊያ ሲሆን ውሃው ትንሽ ስለሆነ በማስመሪያ አይነበብም። ያን ጊዜ የሒሳብ ትምህርታችን ይረዳናል። የጣሳዬ አፍ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የአፉ ስፋት 5 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ3.14፥ ማለት 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚህ ጣሳ ውስጥ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስቀምጣል። ውሃውን መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ስቤ 51 ሚሊ ሊትር ባገኝ፥ 51ን ለ7.85 አካፍዬ 6.5 ሚሊ ሜትር እላለሁ። ክብ ነገር ስፋቱ እንዴት እንደሚገኝ በክፍል ስማር ለምን እንደሚጠቅመኝ አላወቅሁም ነበር፤ ጣሳው አስተማረኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ልክ አንድ ሊትር ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ክዳን 40 ካሬ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ቀን 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በክዳኑ ላይ 1,000 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ጊዜ ይሞላል። ይህን ሒሳብ ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ «አምስት በርሜል? እኛ እኮ ውሃ በወረፋ ነው የምንቀዳው!» አለችና አባቴን አሸንዳውን እንዲጠግን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስገባ «ዛሬስ ስንት ጣለ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

መ) ሃምሳ ሰባት ዓመት የለካ ሰው

በኬሚስትሪ መጽሐፋችን ውስጥ ጆን ዳልተን የሚባል ሰው ስም አለ። አቶምን የሚመለከተውን ትምህርት ያወጣ ታላቅ ሊቅ መሆኑን ለፈተና ስንል አጥንተናል። ነገር ግን ዳልተን ከአቶም አስቀድሞ ምን ይሠራ እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም። ዳልተን የአየር ጠባይ መዝጋቢ ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1766 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኝ ኢግልስፊልድ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሀብት ስላልነበረው ገና በ12 ዓመቱ ሌሎችን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ቆይቶም ኬንዳል ወደምትባል ከተማ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። በዚያም ጆን ጎፍ ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀ። ጎፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ሲሆን እጅግ የተማረ ሰው ነበር። የሚያስደንቀው ዳልተን የሰማዩን ጠባይ በየቀኑ እንዲመዘግብ የመከረው ይህ ማየት የማይችል መምህሩ መሆኑ ነው። ዳልተንም ራሱ ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት ይቸግረው ነበር።

ዳልተን እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1787 መዝገቡን ጀመረ። ሙቀቱን፥ የአየሩን ግፊት፥ ነፋሱንና ዝናቡን ይጽፍ ነበር፤ ከመሣሪያዎቹም አንዳንዶቹን በገዛ እጁ ሠርቷቸዋል። በ1793 ማንቸስተር ወደምትባለው ከተማ ሲዛወርም ሥራውን አላቋረጠም። በዚህ ዓይነት 57 ዓመት ቆየ፤ የመዘገባቸውም ልኬቶች ከ200,000 በላይ ናቸው።

ይህ መዝገብ ለዳልተን ምን ጠቀመው? በአንድ በኩል ብዙ ጠቅሞታል። ዝናብ ከወዴት ይመጣል፥ የውሃ ተን በአየር ውስጥ እንዴት ይኖራል ብሎ ሲጠይቅ ወደ ጋዞች ጠባይ ደረሰ፤ ከጋዞች ጠባይ ደግሞ ወደ አቶም ሐሳብ ደረሰ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1808 በታተመው መጽሐፉ ገለጠው። ነገር ግን መዝገቡን የጀመረው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ አቶም በሐሳቡ አልነበረም። የጀመረው ትናንት ምን ያህል እንደ ዘነበ ለማወቅ ነው። ዝነኛ ከሆነ በኋላም፥ ከዚያ ወዲያ ከመዝገቡ የሚጨምርለት ክብር ሳይኖር፥ መመዝገቡን አልተወም።

በሽምግልናው ጊዜ ታሞ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1844 ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ እንደ ልማዱ መዝገቡን ከፍቶ በዚያን ቀን ጥቂት ዝናብ መዝነቡን ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት ዐረፈ። ትቶአቸው ከሄደው ወረቀቶችም ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1940 ማንቸስተር በአውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ ተበላሽተዋል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ አዘንኩ፤ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት! በኋላ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ዳልተን ከመዝገቡ ያገኘው ዋና ነገር ወረቀቱ ቢሆን ኖሮ በእውነት ጠፍቷል። ነገር ግን 57 ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚጠብቀው ሥራ ነበረው፤ ክብር ባላገኘበትም ቀን፥ በታመመበትም ቀን። ይህን እሳት አያቃጥለውም።

ሉቅ ሃዋርድ የሚባለውም የለንደን መድኃኒት ቀማሚ እንደዚሁ ነው። መተዳደሪያው መድኃኒት ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ግን ደመና ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1802 ለጓደኞቹ ማኅበር ባሰማው ንግግር ለደመናዎች ስም አወጣላቸው። ሲረስ፥ ኩሙለስ፥ ስትራተስ የሚባሉት እኛ በጂኦግራፊ የምንማራቸው ስሞች የእርሱ ናቸው።

ሠ) ሦስቱ የሐሰት ቁጥሮች

አሁን የሚያሳፍረኝን ነገር እናገራለሁ፤ ያለእርሱ ጽሑፌ ሙሉ አይሆንምና።

በሐምሌ ወር ዘመድ ሞቶብን ከአባቴ ጋር ለለቅሶ ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። ሦስት ቀን ቆየን። ጣሳውን ለማንም አደራ አላልኩም ነበር። ስመለስ በውስጡ 47 ሚሊ ሜትር ውሃ ተጠራቅሞ አገኘሁ። በደብተሬ ላይ ግን የሐምሌ 13፥ የ14 እና የ15 ቦታዎች ባዶ ነበሩ። እስከዚያን ቀን አንድም ባዶ ቦታ አልነበረኝም። ባዶው አስጠላኝ። ስለዚህ 47ን በግምት ለሦስት ከፈልኩት፤ 12፥ 20 እና 15 ብዬ በየቦታው ጻፍኩ። «ድምሩ እኮ ትክክል ነው፤ ማንን ጎዳሁ?» አልኩ በልቤ።

ነሐሴ ላይ መምህራችንን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ደብተሬን አሳየኋቸው። በደስታ እያገላበጡ «ሐምሌ 14 ቀን 20 ሚሊ ሜትር! ይህ ጥሩ ዝናብ ነው። አንድም ቀን አላጎደልክም፤ ጎበዝ!» አሉኝ። ምስጋናው እንደ እሳት ፈጀኝ። ዝም አልኩ።

ማታ ይህንኑ ለቤተ ሰቤ ስነግር ታናሽ እኅቴ፥ «ሐምሌ 14? በዚያን ቀን ምን ዝናብ ነበረ? ፀሐይ ነበር እኮ። እማዬና እኔ ጋቢዎቹን አጥበን ያደረቅነው በዚያን ቀን አይደለም?» አለች። እናቴም «እውነቷን ነው» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ምንም ያለኝ የለም፤ ነገር ግን እኔ የማውቀውን አወቅሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጣሳውን መለካት እንደ ሸክም ከበደኝ። አንድ ነገር ገባኝ፤ ደብተሩ ደስ ያሰኘኝ የነበረው በውስጡ የተጻፈው ሁሉ የሆነ ነገር ስለ ነበረ ነው። ሦስት የሐሰት ቁጥሮች ከገቡበት በኋላ የቀሩትን እውነተኛ ቁጥሮች ስመለከት እንኳ ደስታ አላገኝም ነበር። ማርክ የሚሰጥበት ሥራ ላይ ቢያታልሉ የሚታለለው መምህሩ ነው፤ ማንም በማያዝዘው ሥራ ላይ ግን ከራስ በቀር የሚታለል የለም።

በመጨረሻ ደብተሩን አወጣሁ። በላጲስ አላጠፋሁም። በሦስቱ ቁጥሮች ላይ አንድ መስመር አሰመርኩና ከጎናቸው «አልተለካም፤ የ3 ቀን ድምር 47 ሚሊ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ለመምህራችን ሄጄ ነገርኳቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም። «እውነተኞቹ መዝጋቢዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያልለኩትን ቀን ለብቻው አይጽፉም፥ ድምሩን ይጽፋሉ» አሉኝ። ቀጥለውም በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ሳይመንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ በፈቃዳቸው ዝናብ የሚለኩ ሰዎችን ቁጥሮች ይሰበስብ እንደነበር፥ በዘመኑም መጨረሻ ላይ የመለኪያዎቹ ስፍራዎች ከ3,000 በላይ እንደ ደረሱ አጫወቱኝ። የዚያ ሁሉ ሰው ድካም ዋጋ የሚኖረው እያንዳንዱ በጓሮው ብቻውን ሳለ እውነቱን ከጻፈ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን በኋላ ጣሳው ደግሞ ቀለለኝ።

ረ) ትንሽ ዓላማ እንዴት ትመረጣለች?

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን በአራት ነጥብ ላጠቃልል።

አንደኛ፥ ዓላማዋ ዛሬ ጀምረው ዛሬ የሚጨርሷት ትሁን። «ትልቅ ሊቅ እሆናለሁ» የሚለው ዓላማ መልካም ነው፤ ግን ዛሬ ማታ ሊፈጸም አይችልም። «ነገ ጠዋት በ1 ሰዓት እለካለሁ» የሚለው ግን ይፈጸማል። የተፈጸመ ትንሽ ነገር ለሚቀጥለው ቀን ጉልበት ይሰጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ ዓላማዋ በእጃችን ያለች ትሁን። ዝናብን ማዘዝ አልችልም፤ ወጥቶ መለካት ግን እችላለሁ። እንደዚሁም «አንደኛ እወጣለሁ» ብል ነገሩ በእኔ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹም 53 ተማሪዎች እጅ ነው። «በየማታው አምስት የሒሳብ ጥያቄ እሠራለሁ» ብል ግን ነገሩ በእኔ እጅ ነው።

ሦስተኛ፥ ዜሮም ልኬት መሆኑን እንወቅ። ክረምቱ አልፎ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ በጣሳው ውስጥ ጠብታ አይገኝም። መጀመሪያ ላይ «ባዶ ጣሳ ለማየት ለምን እወጣለሁ?» እል ነበር። መምህራችን ግን «ዜሮ ካልጻፍክ አለመዝነቡና አለመለካትህ አይለዩም» አሉኝ። ስለዚህ 0.0 እያልኩ ለብዙ ሳምንታት ጻፍኩ። በሕይወታችንም ምንም ያልተገኘባቸው ቀኖች አሉ፤ በእነርሱም ቀን ወጥቶ ማየት የሥራው ክፍል ነው።

አራተኛ፥ መጉደል ይፈቀዳል፥ መዋሸት ግን አይፈቀድም። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው «አልሠራሁም» ብሎ ጽፎ በማግስቱ ይቀጥል። ባዶ ቦታውን ለመሸፈን ሲል የሚያታልል ግን ሥራውን በሙሉ ያጣዋል።

ዝናብ መለካት ለሁሉ ይስማማል አልልም። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ በትምህርት ቤታችን ግቢ ካሉት አሥሩን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በስም ለይቶ ማወቅ ጥሩ ዓላማ ነው። ክራር ያለው ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱን ቅኝት በአንድ መንፈቅ ዓመት ይማር። ቴምብር መሰብሰብ የሚወድ የአንድ ዘመን ቴምብሮችን ብቻ መርጦ ይፈልግ። ታናሽ እኅቴ ደብተሬን አይታ ቀንታ በየማታው ከአያታችን አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር እየጠየቀች መጻፍ ጀምራለች። አያታችንም ማታ ማታ «ያቺ ጸሐፊዬ የት አለች?» ማለት ለምደዋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ሁላችን ሰምተናል። ትምህርት እምቢ ብሎት ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ዐርፎ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት እየወደቀ እየተነሣ ሲታገል፥ በመጨረሻም ሲወጣ አየ፤ እርሱም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ ትዕግሥትን እንማራለን። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ትሉ ያሬድ እያየው መሆኑን አያውቅም ነበር። የሚወጣው ሊመሰገን ሳይሆን ላይ ያለውን ፍሬ ሊበላ ነበር።

ሰ) ለወላጆችና ለመምህራን

አንዳንድ ወላጆች የትርፍ ጊዜ ሥራ ከትምህርት ያሰንፋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ልክ ያጣ ነገር ሁሉ ይጎዳል። የእኔ ሥራ ግን በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ትወስዳለች። ወላጆቻችን ገንዘብ እንዲያወጡልን አንጠይቅም፤ አንድ ባዶ ጣሳና «ዛሬስ ስንት ጣለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃናል። ጥያቄው ከጣሳው ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ከዚያ በኋላ አንደኛ ወጣህ?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አዎን ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን አራተኛው የሐሰት ቁጥር ይሆንብኛል። በዓመቱ መጨረሻ 29ኛ ወጣሁ። ካርዱን ለአባቴ ስሰጠው እንደ ፊተኛው ዝም ብሎ አየው። ቀጥሎም «ያን ደብተርህን ደግሞ አሳየኝ እስቲ» አለኝ። አመጣሁለት። ከመጀመሪያው ገጽ፥ ከዚያች 6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ፥ ጣቱን በየመስመሩ እያሳለፈ እስከ መጨረሻው አነበበው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ነገ ጠዋት የምትሠሩትን አንድ ትንሽ ሥራ ዛሬ ማታ ምረጡ። ለማንም አትንገሩ። ደብተር ግዙ፥ ቀኑን ጻፉ፥ የሆነውን ብቻ መዝግቡ። በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ሲወጣ ደግሞ ያገኛችሁትን ለእኛ አካፍሉን።

ከ10ኛ ክፍል ተማሪ